ከወገብ በታች መምታት ክልክል ነው

«እስቲ ዳኙን» ተብሎ «እኔ እኮ ስለዚህ ነገር የማውቀው የለም» ብሎ የተመለሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እናንተስ አጋጥሟችኋል? መንገድ ሲጠየቅ እንኳ «ለሰፈሩ እንግዳ ነኝ» የሚል አንዳንድ ጨዋ ይገኛል። ፍርድ ሲጠየቅ ግን ጉሮሮውን ጠረግ፣ ወንበሩን ሳብ አድርጎ «በሉ ከመጀመሪያው ንገሩኝ» የማይል የለም። የአጥር ድንበር ይሁን፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ ይሁን፣ የታክሲ ወረፋ ይሁን፣ ለሁሉም የሚበቃ ጥበብ በየኪሳችን ተጣጥፎ ተቀምጧል። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» እንላለን እንጂ፣ የተገኘው ዳኛ ራሱ ዋና ይችል እንደሆነ የጠየቀ የለም።

እኔም ከዚሁ ሕዝብ የወጣሁ ነኝ። ስለዚህ አንድ ቀን «እትዬ ጽጌ፣ ዳኙን» ሲሉኝ ዳኘሁ። የዳኘሁት ምን መሰላችሁ? የእግር ምት። የሰው እግር እንኳ አይደለም። ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ እግር።

ሱቄ ኮልፌ ነው። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ከጎኔ የከድር ጌም ቤት አለ። የሚለየን አንድ ኮምፔንሳቶ ነው። እሱም ቢሆን ድምፅ ከማሳለፍ ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም። ከድር ቤት ሦስት ቴሌቪዥን አለ፤ ሁለቱ ኳስ፣ ጥጉ ላይ ያለው ድብድብ። ከኳሶቹ በኩል የሚሰማው «ጎል!» ነው፤ እሱንስ ለምደነዋል። ከድብድቡ በኩል የሚሰማው ግን «ግደለው! ጨርሰው! ተነስ አንተ ሬሳ!» ነው። የመብራት ቆጣሪ ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ሰው ይህን ሰምቶ ለፖሊስ የሚሆን ማመልከቻ አስጽፎ ሊሄድ ምንም አይቀረው።

ክረምት ላይ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እኔም ሥራ ፈትቼ ሳለሁ፣ ስለ ጩኸቱ አቤት ልል ገባሁ። ከድር ብልጥ ነው። ነገሬን አስጨርሶኝ፣ «ልክ ነዎት እትዬ ጽጌ» ብሎ፣ ለሚያለቅስ ሕፃን ከረሜላ እንደሚሰጥ ሰው ጆይስቲክ አስጨበጠኝ። ከዚያ ወዲህ አቤቱታዬን አንስቼ አላውቅም። እንዲያውም ነሐሴ ሳያልቅ ኮምፔንሳቶውን አልፎ የሚሰማው ጩኸት የእኔው ሆነ።

አትሳቁ። አርባን ያለፈች ሴት ቁጭ ብላ የሰው ሚስት ከምታማ፣ የሌለ ሰው ብትደበድብ አይሻልም? የመረጥኩት ተደባዳቢ ሆዱ የገፋ፣ ጢሙ የተንዠረገገ ሽማግሌ ነው። አይዘልም፣ አይገለበጥም፣ እሳት አይተፋም። ቀስ ብሎ ይጠጋል፣ ያቅፋል፣ አንስቶ መሬት ላይ ይፈጠፍጣል። ልጆቹ «ማዘር የሚመስላቸውን መረጡ» ብለው ተንከተከቱ። እኔን የቆረቆረኝ «ማዘር» የሚለው ነው። ሆዱስ እውነት ነው።

የጌም ቤቱ ደንብ አጭር ነው፤ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይነሳል። ተነስቶም ተራው እስኪደርስ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ይህ ደንብ እኔን የጎዳው በፉአድ ምክንያት ነው።

ፉአድ ስልክ ይጠግናል። እንደ ስንደዶ የቀጠነ፣ ድምፁ የማይሰማ ወጣት ነው። ጌሙ ላይ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዝቅ ይልና እግሩን ዘርግቶ ቁርጭምጭሚታችሁን ይጠርጋችኋል። ልጆቹም ስሙን «ጠረጋ» ብለውታል። ወደቃችሁ፤ ትነሳላችሁ። ልክ ስትነሱ ደግሞ ይጠርጋችኋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው አሉ፤ ወደ ታች የሚያመለክተውን ቀስት ተጭኖ፣ ቁጢጥ ብሎ መከላከል ነው። ቀላልማ ነው። የእኔ ሽማግሌ ግን ቁጢጥ ለማለት እስኪያስብ ድረስ ፉአድ ጠርጎት፣ እስኪነሳ ጠብቆ፣ እንደገና ጠርጎታል። እኔም ጉልበቴን ይዤ እነሳለሁ፣ ግድግዳ እደገፋለሁ፣ ተራዬ ደርሶ እቀመጣለሁ፣ ወዲያው እነሳለሁ። በአንድ ከሰዓት የተነሳሁትና የተቀመጥኩት በዐቢይ ጾም ከምሰግደው በለጠ።

በዚህ መሃል ነው ፉአድና ሰሚራ የተጣሉት። ሰሚራ ሃያዎቹን የጀመረች፣ ጠዋት ጠዋት አባቷ ጨርቅ ቤት የምትሠራ፣ ከሰዓት የከድር ቤት ቁንጮ የሆነች ልጅ ናት። እሷ ሰው የምታሸንፈው አየር ላይ ነው። ዘላ፣ ተገልብጣ፣ መሬት ሳትነካ ሰውየውን እንደ ሎሚ አንጠልጥላ ትጫወትበታለች። ኳስ የሚጫወቱት እንኳ ጨዋታቸውን አቁመው ያዩዋታል። ያን ቀን ታዲያ ፉአድ ይህችን የሰማይ ወፍ በጠረጋ መሬት ለመሬት ጎተታት። «ሌላ ነገር አታውቅም እንዴ?» አለችው። «አንቺ መከላከል ስትጀምሪ ሌላ እማራለሁ» አላት። «ሼም የለህም?» አለች። «ሼምማ መውደቅ ነው» አለ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ «ወላሂ ፌር አይደለም!» ሲል፣ ሌላው «ምን አገባህ፣ ቁልፉ ለሁሉም ተሰጥቷል!» ይላል። ወንበር ተገለበጠ። ከድር በኮምፔንሳቶው በኩል «እትዬ ጽጌ! በአላህ ኑና ዳኙን! ቴሌቪዥኔን ሊሰብሩት ነው!» ብሎ ጮኸ።

ሄድኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ወንበሩንም ሳብኩ። ከመጀመሪያው ንገሩኝ ብዬ ሁለቱንም ወገን አደመጥኩ፤ ፍርዴ ግን ገና ከሱቄ ሳልነሳ ተጽፎ ያለቀ ነበር። «ልጆቼ» አልኩ፣ «አባቶቻችን ትግል ሲገጥሙ ፊት ለፊት ነው። ከወገብ በታች መምታት የፈሪ ነው፤ ነውርም ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ጠረጋ ክልክል ነው። የጠረገ ጆይስቲኩን አስረክቦ ቤቱን ይቅርታ ይጠይቃል።» የትኞቹ አባቶቻችን እንደሆኑ የጠየቀኝ አልነበረም። ደግነቱ። ጭብጨባው ቀለጠ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፣ እኔ ፍትሕን ቆርሼ ትልቁን ጉርሻ ለጉልበቴ ሰጠሁት።

ፉአድ አልጮኸም። ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እትዬ ጽጌ፣ እርስዎም እኮ ከተጫዋቾቹ አንዷ ነዎት» አለኝ። ሰምቻለሁ። ያልሰማ ሰው ፊት እንዴት እንደሚመስል ግን አውቃለሁ፤ እሱን ፊት አሳየሁት። ፉአድም ከዚያ ቀን በኋላ የከድርን ቤት አልረገጠም። ቤቴል አንድ ጌም ቤት እየሄደ ይጫወታል ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ኮልፌ ሰላም ሆነ፤ እድገትም ሆነ። እድገቱን ስነግራችሁ ያለ ማጋነን ነው። መሬቱ ላይ ስጋት ስለሌለ ልጆቹ ሁሉ ወደ ሰማይ ወጡ። አንዱ አዲስ ዝላይ ሲያገኝ ለሌላው ያሳያል፣ ሌላው ያሻሽለዋል፣ በሳምንቱ ቤቱ ሁሉ ይችለዋል። እኔም አቅፎ መጣሉን አስተማርኳቸው፤ ታቅፎ ሲያዝ እንዴት እንደሚመለጥ ደግሞ እነሱ አስተማሩኝ። አዲስ የሚመጡት ጠረጋ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ሳይሰሙ ያድጋሉ። ሽማግሌዬም መቀመጥ ለመደ። ካሸነፍኩ በኋላ ዞር ብዬ «ቀጣይ!» ስል የነበረኝን ድምፅ ብትሰሙት በሹመት የኖርኩ ይመስላችሁ ነበር።

ችግሩ ሕሊና የሚባለው ነው። የእኔ ሕሊና ደግሞ ሥራ የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ ግን ከገባ አይወጣም። «ቀጣይ!» ባልኩ ቁጥር ያ ቀጭን ልጅ ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ ሲያስቀምጥ ይታየኛል። ቢጨንቀኝ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ ያዳላ ፍርድ ፈርጃለሁ» አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። «በመሬት ነው?» አሉኝ። አይደለም አልኩ። «በትዳር?» አይደለም። «ታዲያ በምን?» ሲሉኝ «በእግር» አልኩና ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። «ልጁ ተጎድቷል?» አሉኝ። «ሰፈር ቀይሯል» አልኳቸው። «እንግዲያው ፍርዱን አንሺው» አሉ። ቀላል መስሏቸው! ስግደት ቢሰጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስግደትን ሰው አያየውም። የፈረዱትን ፍርድ ማንሳት ግን ሰው ፊት ነው። ነገ አነሳዋለሁ እላለሁ፤ ነገ ደግሞ እያሸነፍኩ ይመሻል።

እንዲህ እያልኩ ሳለሁ ከቤቴል መልእክት መጣ። ለከተማው ውድድር ከምዕራቡ ሰፈር አንድ ተጫዋች ይላካል፤ ኮልፌና ቤቴል ምርጥ ምርጣቸውን ያጋጥሙና ያሸነፈው ይሄዳል። የኛ ምርጥ ሰሚራ ናት፤ ይህ ክርክር የለውም። የአባቷን የሐጂን ነገር ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጨርቅ ለክተው ሲሸጡ ስለኖሩ ሁሉንም ነገር ለክተው ነው የሚሰጡት። «ቤቴልን ካሸነፍሽ» ብለዋታል፣ «ወደ ከተማው ውድድር ሂጂ፤ ከሰዓትሽም ያንቺ ይሁን፤ አልጠይቅሽም። ከተሸነፍሽ ግን ጨዋታው በቃ፤ ከሰዓቱም የሱቁ ነው።» ሰሚራ ጨርቅ አትጠላም። ከሰዓትን ሙሉ ጨርቅ ብቻ መሆንን ነው የምትጠላው። ያን ሰሞን ከድር ቤት ስትለማመድ ፊቷን ብታዩት፣ የምትዘለው ጌሙ ውስጥ አይመስላችሁም፤ ከታሰረችበት ግቢ አጥር ላይ ነው።

ቀኑ ደረሰ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቤቴሎች በሁለት ታክሲ ታጭቀው መጡ። ፊት ፊት የሚመሩት ጋሽ ታደሰ የሚባሉ፣ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። ፊሽካቸው አሁንም አንገታቸው ላይ አለ። ከኋላቸው ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ፉአድ። የቤቴል ምርጥ እሱ ሆኗል። ጎንበስ ብሎ «እትዬ ጽጌ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ አንዱን የከድር ጆይስቲክ አነሳና ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ወደ ላይ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያመለክቱት ቀስቶች በጣት ብዛት ተፍቀው ነጥተዋል። ወደ ታች የሚያመለክተው ቀስት ግን ከካርቶኑ እንደወጣ ያብረቀርቃል። ፉአድ ፈገግ ብሎ ለጓደኛው አሳየው።

ዋናው ግጥሚያ ሳይጀመር ሌሎቹ ለማሟሟቂያ ይጫወቱ ተባለ። የኛው ልጅ ተነሳ፣ የነሱም ተነሳ። ገና ከመጀመራቸው የቤቴሉ ዝቅ ብሎ ጠረገው። ኮልፌ በአንድ ድምፅ «ነውር!» ብሎ ጮኸ። የኛው ልጅ እንደ ምንም ተነስቶ ቤቴሉን አቅፎ ወረወረው። አሁን ደግሞ ቤቴል በአንድ ድምፅ «ነውር!» ብሎ ጮኸ። እርስ በርስ ተያየን። «ምኑ ነው ነውሩ?» አልናቸው። «ማቀፍ ነዋ! በኛ ቤት ማቀፍ ክልክል ነው» አሉን። «ጠረጋስ?» አልን። «ጠረጋማ ሃላል ነው፤ በሱ ነው ያደግነው» አሉ። ለካ እኛ የከለከልነውን እነሱ ቁርስ አድርገውታል፤ እነሱ የከለከሉትን ደግሞ እኛ ምሳ። ሁለት ሰፈር ሙሉ ሰው፣ እያንዳንዱ በግማሽ ጌም ቁንጮ ሆኖ ተቀምጦ ኖሯል።

ሰሚራ ክንዴን ይዛ ወደ በሩ ሳበችኝ። «እትዬ ጽጌ፣ አለቀልኝ» አለችኝ። «ቁጢጥ ብዬ መከላከል አልችልም። ጣቴ ወደ ታች መሄዱን ረስቷል። ፉአድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጠርገኛል፤ ከዚያ ጨርቅ ነው።» ያን ጊዜ ያ ዘግይቶ ሥራ የሚገባው ሕሊናዬ ከነኮቱ ገባ። «ሰሚራ» አልኳት፣ «ያን ፍርድ የፈረድኩት ለፍትሕ ብዬ አልነበረም። ፉአድ እያስነሳኝ ጉልበቴን ስለጨረሰው ነው።» ትጮህብኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን «እሱንማ እናውቃለን» አለች። «ማን ነው የሚያውቀው?» አልኩ። «ሁሉም» አለች። «ታዲያ ለምን ተቀበላችሁኝ?» ብላት፣ «ትልቅ ሰው ነዎት፤ ምን እንበል?» አለችኝ። ደግሞም ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ለእኛም ተመችቶን ነበር» አለች።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይላሉ። እኔ ግን ድስቱን ጥጄ ማልቀሱን አልፈለግሁም። ያበላሸሁትን በምን አበላሸሁት? በሽምግልና። እንግዲያው በሽምግልና አቃናዋለሁ አልኩ፤ ስካርን በድጋሚ መጠጥ እንደሚያበርድ ሰው። መሃል ቤት ቆሜ፣ ሁለቱ ሰፈሮች በአንድ ሕግ ሳይስማሙ ዋናው ግጥሚያ ሊጀመር አይገባም፣ ሽማግሌዎች ይነጋገሩ አልኩ። ጋሽ ታደሰ ፊሽካቸውን ነፉና «ሸጋ ሐሳብ ነው!» አሉ። በጣም ፈጠኑ። የፈጠኑበት ምክንያት በኋላ ነው የገባኝ።

ሱቄ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን መሃል አድርገን ተቀመጥን። «ወይዘሮ ጽጌ» አሉኝ፣ «አቅፎ መጣል በሕዝብ ፊት የሚደረግ ነገር አይደለም። ሴቷ ወንዱን ስታቅፈው ወጣቱ ምን ይማራል?» ሴቷ የወንዱን መንጋጋ በጫማ ስትሰብረውስ ምን ይማራል ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ ሽምግልና ላይ መሆናችን ትዝ ሲለኝ ተውኩት። እኔም በተራዬ ስለ አባቶቻችን የፊት ለፊት ትግል ያንኑ ንግግር ደገምኩ፤ አሁን እንዲያውም አሳምሬው ነበር። እሳቸው አንድ ሲያነሱ እኔ አንድ ስጥል፣ እኔ ስል እሳቸው ሲሉ፣ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ጫጫታ እየጨመረ መጣ። «ልጆቹ ትዕግሥት እያለቀባቸው ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ወጣት ምን ትዕግሥት አለው» አልኩ እኔም።

ከዚያ አንድ ነገር ጠረጠርኩ። «ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ ይጫወታሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳል ያዛቸው። «አልፎ አልፎ፤ ልጆቹን ለመቆጣጠር ያህል» አሉ። «ማንን ይዘው?» ስላቸው መስኮት መስኮቱን እያዩ «ያን... ጢማሙን ሽማግሌ» አሉ። «ሆዳሙን?» «ሆዱ ምን አደረገሽ?» አሉኝ ቆጣ ብለው፤ ወይዘሮነቴ እዚያ ላይ ቀረ። «ሲያቅፉዎትስ ያመልጣሉ?» አልኳቸው። ፊሽካቸውን ሲያሹ ቆዩና «እነዚህ ልጆች ጣታቸው እንደ መርፌ ነው» አሉ፣ «እኔ የማምለጫውን ቁልፍ እስክጫን መሬት ላይ ነኝ። ከዚያ ተነስ ይሉኛል። በዚህ ወገብ!» ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸውም ሳቁ። ሁለት ሰፈር የሰው ልጅ፣ አንዱ በጉልበት አንዱ በወገብ ምክንያት ሕግ ወጥቶለት ኖሯል።

አሁን እዚህ ላይ ተሳስቀን፣ አፍረን፣ «በሉ ሁለቱንም እንፍቀድ» ብለን ተነሳን ብላችሁ ከጠበቃችሁ፣ ሽማግሌ አታውቁም። ሁለታችንም ተያየን። «ስምምነት ማለት» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ «ሁለቱም ወገን አንዳንድ ነገር ሲተው ነው።» «እኔም የምለው ይህንኑ ነው» አልኩ። ጠረጋም፣ ማቀፍም፣ በሁለቱም ሰፈር ለዘለዓለም ክልክል ሆነ። እሳቸው ወገባቸውን አዳኑ፣ እኔ ጉልበቴን። ሰሚራም ዳነችልኝ፤ ሕሊናዬም ወደ ቤቱ ገባ። የሙያዬ ነገር ሆኖ ስምምነቱን በትልልቅ ፊደል ተየብኩት፣ ከላይም አርማ የሚመስል ነገር አደረግሁበት፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አንድ እንዲደርስ በፎቶ ኮፒ አባዛሁት። ገና እንደ ዳቦ የሚሞቀውን ወረቀት ታቅፈን፣ ጋሽ ታደሰ ፊሽካቸውን ነፍተው፣ እንደ ሙሽራ ቤት ሽማግሌ ገባን።

ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ግማሹ ወንበር ላይ ቆሟል፤ ግማሹ ተቃቅፎ ይዘላል። ኮልፌው ከቤቴሉ አይለይም። ከድርን ስንጠይቀው እየሳቀ ነገረን። እኛ ከቤት እንደወጣን ፉአድ ሰሚራን «እነሱ እስኪስማሙ ይመሻል፤ ነይ ቁጭ በይ» አላት። ቁጭ አለች። ጠረጋት፤ ወደቀች። «አሁን ሳይሆን፣ ልክ ትከሻዬ ዝቅ ሲል ወደ ታች ያዢ» አላት። ጠረጋት፤ ወደቀች። እንዲህ እያደረገ እያሳያት፣ መከላከሉን ስትይዘው ሰሚራ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አድርጋ «ለምንድነው የምታስተምረኝ? ተፎካካሪህ ነኝ እኮ» አለችው። «ቤቴል የሚከላከለኝ ሞልቷል» አለ፣ «የሚያቅፈኝ ግን የለም። ከተማው ውድድር ላይ ያቅፉናል። ታቅፌ ካልወደቅኩ በምን እማራለሁ? አንቺ ደግሞ እኔን እቀፊኝ።» አቀፈችው። ጌሙ ላይ ነው፤ ሐጂ እንዳይሰሙ። እሱም ወደቀ፤ ወደቀና ማምለጡን ለመደ። ሌሎቹም ይህን አይተው ሁለት ሁለት ሆነው ኮልፌ ቤቴልን ያቅፋል፣ ቤቴል ኮልፌን ይጠርጋል፤ ያ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ የሰማነው ጫጫታ ትምህርት ቤት ነበር። ጭራሽ ሲበቃቸው ዋናውን ግጥሚያ ጀመሩት። ማንም እኛን አላስታወሰም።

እስከ መጨረሻዋ ዙር እኩል ነበሩ አለን ከድር። በመጨረሻዋ ፉአድ ለጠረጋ ዝቅ ሲል ሰሚራ ቁጢጥ ብላ ጠበቀችው። ፉአድ ትዘላለች ብሎ ቀና አለ። እሷ ግን አልዘለለችም። እዚያው ከታች እንዳለች እግሯን ዘርግታ ጠረገችው። የሰማይ ወፏ፣ በጠረጋ! ፉአድ መሬት ላይ ተዘርሮ ያለውን የራሱን ሰውዬ ሲያይ ቆየና፣ «ይኸው ተከላከልሽ፤ እንግዲህ ሌላ ነገር መማር ሊኖርብኝ ነው» አላት አሉ። በተሸነፈ ሰው ፊት ላይ እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም አለ ከድር። እኔ ግን ዞር ብዬ ሳየው የሱ ደስታ አላስገረመኝም። እኔን ያስገረመኝ እስከ ዛሬ የከድር ቤት ልጆች ተሻሻሉ ስል የነበረው ነገር ነው። የሚፈሩትን ከልክሎ በማይፈሩት ነገር ብቻ ሲገጥሙ መኖር መሻሻል ከሆነ፣ እኔም ሽማግሌዬን ይዤ አድጌያለሁ ማለት ነው።

ሰሚራ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሞቃቱ ወረቀት መሃላችን ተጨማደደ። «እትዬ ጽጌ፣ ከሰዓቴ የኔ ሆነ!» አለች። ፉአድም መጣ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀድሞኝ ከወረቀቱ አንዱን አነሳና አነበበው። «የሁለታችሁም ፊርማ አለበት» አለ፣ «ያምራል እትዬ።» አጣጥፎም ኪሱ ከተተው። ይቅርታው ሳይባል ቀረ። በምትኩ «ሰኞ ና፤ እዚህ ተጫወት» አልኩት። «የሚጠረግ ካለ እመጣለሁ» አለኝ። «እኔ አለሁ» አልኩት። የነፍስ አባቴ ሰምተው ቢሆን ይህን እንደ ንስሐ ይቆጥሩልኝ ነበር ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከዚያ ኮልፌም ቤቴልም በአንድነት ለሐጂ ሊያበስሩ ወደ ጨርቅ ቤቱ ጎረፉ። ከድርም በሩን ለእኔ አደራ ብሎ ተከተላቸው። ጌም ቤቱ ጭር አለ። እኔና ጋሽ ታደሰ ማንም ያልወሰደውን ሕጋችንን ታቅፈን ቀረን። ጥጉ ላይ ያለው ቴሌቪዥን እንደበራ ነው፤ ሁለቱ ጆይስቲኮችም ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸው ጆይስቲኮቹን አዩ። እኔም አየሁ። «ሕጉ በተግባር ሲታይ እንዴት እንደሚሆን መሞከሩ ተገቢ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። ተገቢ ነው አልኩ።

ተቀመጥን። እሳቸው ጢማሙን ሽማግሌ መረጡ፤ እኔም ጢማሙን ሽማግሌ መረጥኩ። ሁለቱ ሆዳሞች ፊት ለፊት ተፋጠው ቆሙ። አይዘሉ፣ አይገለበጡ፤ መጥረግ ክልክል፣ ማቀፍ ክልክል። ቆመው ይተነፍሳሉ። ሰዓት ቆጣሪው እየወረደ ነው። እኔ አንድ እርምጃ ጠጋ አልኩ፤ እሳቸውም ጠጋ አሉ። በዚህ ጊዜ የእሳቸው ሽማግሌ ድንገት ጎንበስ አለና እግሩን ዘርግቶ የእኔን ከመሬት ጠረገው።

ጮህኩ። «ጋሽ ታደሰ! ሕጉስ?»

ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ «ሕጉማ ለልጆቹ ነው» አሉኝ።

ነገሩን መዘንኩት። ትርጓሜያቸው አግባብነት ያለው ሆኖ ስላገኘሁት፣ ሽማግሌዬን ከወደቀበት አስነሳሁና ተጠግቼ፣ አቅፌ ፈጠፈጥኳቸው።